ደሳለው ያወጣት ጥያቄ

እኔ በዛች ነኝ፤ የድምፅ ቤቷ በዛች ካላችሁ መካነ ሰላም ውስጥ የማያውቀኝ የለም። ድሮ ሰው ሲጠራኝ "አቤት!" የምለው ከገበያው ማዶ ይሰማ ነበር። አሁን ከኋላዬ "በዛች!" ያለኝ እንደሆነ ነጠላዬን ወደ ግንባሬ ስቤ መንገድ እቀይራለሁ። እኔ እኮ ሰው የማሳፍር እንጂ የማፍር ሴት አልነበርኩም። ይኸው ዛሬ የሰው ዓይን ማየት አቅቶኛል።

የድምፅ ቤት የምንለው ከመናኸሪያው ወረድ ብሎ ያለውን የእኔንና የታናሽ ወንድሜን የደሳለውን ቤት ነው። ደሳለው በኮምፒውተር ተመርቆ የመጣው በሁለት ሺህ ሦስት ነው። አዲስ አበባ ሥራ ፍለጋ ከምንከራተት እዚሁ አንድ ነገር ልሞክር አለ። ያን ጊዜ በየቤቱ አንድ ሴት ልጅ አረብ አገር ነች። እናት ደግሞ ኔትወርክ በማይደርስበት ገጠር ናት። ልጅ ስትደውል እናት የለችም፤ እናት ከተማ ስትወጣ ልጅ ስልኳን እመቤቷ ቀምታታለች። ስለዚህ ልጅ በተመቻት ሰዓት ድምፅዋን ቀድታ በኢንተርኔት ትልካለች፣ እናት በገበያ ቀን መጥታ እኛ ቤት ማዳመጫውን ጆሮዋ ላይ አድርጋ ትሰማለች። መልስ ካላት በማይክ ትቀዳለች። ይኸው ነው ሥራችን።

እያንዳንዱ ቤተሰብ ማሽኑ ውስጥ አንድ ሳጥን አለው። እኛ ሳጥን እንላለን፤ ደሳለው "ፋይል ነው" ይላል። አዲስ ድምፅ በመጣ ቁጥር እዚያው ሳጥን ውስጥ ከበፊቱ ቀጥሎ ይገባል። ማን ይስማ፣ ማን አይስማ የምትለው ላኪዋ ናት። "እናቴ ትስማ፣ አማቴ አትስማ" ትለኛለች፣ እኔ ዋናው ማሽን ላይ አስገባለሁ፤ ለተፈቀደለት ሰው የሚስጥር ቁጥር ይሰጠዋል። ባል የማይሰማው ሳጥን አለ፣ እናት የማትሰማው ሳጥንም አለ። ኧረ የሰው ጓዳ ነው እኮ የያዝነው!

ኮምፒውተሮቹ ግን አሮጌ ነበሩ። ደሴ አንድ ቢሮ ሲቀይራቸው ደሳለው ለምኖ ያመጣቸው ናቸው። አዲሱን ፕሮግራም አይሸከሙም። እሱም ከፈረንጅ አገር በነፃ የሚገኝ ኦፐሬቲንግ ሲስተም አወረደና ሆዱን ከፍቶ፣ የማያስፈልገውን እየጣለ፣ ለነዚያ አሮጌዎች በልካቸው ሰፋላቸው። አስኳሉን ከርነል ይለዋል። "ከማሽኑ አካል ጋር የሚነጋገረው ከርነሉ ብቻ ነው፤ ሌላው ፕሮግራም ሁሉ አንድ ነገር ሲያምረው እሱን ማስፈቀድ አለበት" ብሎ አስረዳኝ። እኔም ለሰው ሳወራ "ወንድሜ ከርነል ይሠራል" እላለሁ። አብዛኛው ሰው የወታደር ማዕረግ ይመስለው ነበር፣ እኔም አላስተባብልም።

ችግሩ የገበያ ቀን ነበር። ቤቱ ጢም ሲል፣ ሁሉም ወንበር ሲያዝ፣ ድምፁ ይቆራረጣል። "እማ... ደ... ህና... ነኝ... አት..." እያለ። ከአጠገባችን ገጠር ከማሻ በኩል የመጡ አንዲት እናት "ልጄን ምን አገኛት! እዚህ ሳለች እንደ በቆሎ የምትፈለፍል ልጅ ተንተባታቢ አደረጓት!" ብለው ደረታቸውን መቱ። ማሽኑ ነው ብንላቸው ማን ይስማን። ቤቱ የለቅሶ ቤት መሰለ።

ደሳለው ሳምንቱን ሙሉ ከርነሉ ላይ አቀርቅሮ ከረመና አንድ ቀን ከወንበሩ ዘሎ ተነሣ።

"እታለም፣ አገኘሁት! ይሄ ጅል ማሽን ፈቃድ ሁለቴ ነው የሚጠይቀው።"

"እንዴት ሁለቴ?"

"ሰውየው ቁጥሩን አስገብቶ ሳጥኑን ሲከፍት ይጠይቃል፣ 'ይሄ ሰው ተፈቅዶለታል?' ብሎ። ደግ። ከዚያ ደግሞ ድምፁን ቁራሽ ቁራሽ እያነሣ ሲያሰማ፣ በየቁራሹ እንደገና 'ተፈቅዶለታል?' ይላል። የደሴ አውቶቡስ በር ላይ ትኬትሽን አሳይተሽ ገባሽ እንበል። ከተቀመጥሽ በኋላ ረዳቱ በየኩርባው 'ትኬትሽን!' እያለ ቢቀሰቅስሽ ምን ትይዋለሽ?"

"በጥፊ ነዋ የምለው!"

"በቃ፣ ሁለተኛዋን ጥያቄ ላወጣት ነው። ትርፍ ናት።"

"ታዲያ ምን ትጠብቃለህ? አውጣታ!" አልኩት። የምረዳው መስሎኝ ነው እንግዲህ።

አወጣት። ጥቂት መስመር ናት አለኝ። በሚቀጥለው ገበያ ቤቱ ሞልቶ ድምፁ ጥርት ብሎ ወረደ። የማሻዋ እናት ልጃቸው አፏ ተፈቶ ሲሰሙ ደሳለውን አገላብጠው ሳሙት። እሱም ደስ ቢለው ያወጣትን ነገር በዚያው ከርነል ላይ ለሚሠሩት ፈረንጆች ላከላቸው፣ እናንተም አውጧት ብሎ። አንደኛው መልሶ "ሳጥኑ ተከፍቶ ሳለ መሀል ላይ ፈቃዱ ቢነሣስ?" ብሎ ጠየቀው። ደሳለው ሳቀና ተረጎመልኝ። ምን ብሎ መለሰለት መሰላችሁ? "እኛ ዘንድ ሰው ይከፍታል፣ ይሰማል፣ ይዘጋል፤ ከፍቶ የሚተው የለም።"

ከፍቶ የሚተው የለም! ይህን ሲጽፍ እዚያችው ቤት ውስጥ ቀና ቢል ኖሮ በየወንበሩ ላይ የተጋደመውን ዱላ ያይ ነበር። የኛ አገር ሰው ወረፋውን ጥሎ አይሄድም። ውሃ ቦንቧ ላይ ጀሪካኑን ደርድሮ እንደሚሄደው ሁሉ፣ እኛም ቤት ጠዋት መጥቶ ቁጥሩን አስገብቶ ሳጥኑን ይከፍታል፤ አዲስ ድምፅ ካላገኘ ወንበሩ ላይ ዱላውን ወይ ነጠላውን ጥሎ ገበያውን ሊገበይ ይወጣል። ሲመለስ ዱላውን አንስቶ ቁጭ ነው። የሌላውን ሰው ዱላ የሚያነሣ ደግሞ በኛ አገር አልተፈጠረም። እኔም ለመድኩት፣ ደሳለውም ለመደው፤ የለመዱትን ነገር ማን ያያል?

እንግዲህ ጠይባ የምትባል ልጅ አለች። አብረን ያደግን ጓደኛዬ ናት። ባሏ ሞቶባት፣ አንዲት ሴት ልጇን ረውዳን ትታ ጅዳ ከሄደች ስምንት ዓመቷ ነበር። ረውዳ ለትምህርቷ ብላ ከተማ፣ ከአባቷ ወንድም ከአብዱራህማን ቤት ተቀምጣለች። የጠይባ እናት እትዬ ኡምኩልሱም ገጠር ናቸው። አብዱራህማን የእህል ነጋዴ ነው። ድሮ "እሳቸው" እለው ነበር፣ ዛሬ አልለውም። ጠይባ ሳጥን ስታስከፍት "እናቴም ትስማ፣ አብዱራህማንም ይስማ፤ ለልጄ እንደ አባት ነው" ብላ ነበር።

አባት! በሁለት ሺህ አራት ጥቅምት ላይ ሰውየው ማይኩን ይዞ "ረውዳ አድጋለች፣ ትምህርቱም አልሆነላት፣ እሷም ትምጣና ትሥራ፤ እናት ነሽና ፍቀጅ" ብሎ ላከባት። ከዚያ በኋላ በየገበያው ቀን መልሷን ሊሰማ ከሁሉ ቀድሞ ይመጣል። ልጅቷ አሥራ አምስት ዓመቷ ነው።

ያን ጉደኛ ገበያ ቀንም ጠዋት መጣ። ቁጥሩን አስገባ፣ ከፈተ፣ አዲስ ነገር የለም። ዱላውን ሦስተኛው ወንበር ላይ አጋድሞ "በዛች፣ ቦታዬን አደራ" ብሎ ወደ እህል ተራ ወጣ።

ስድስት ሰዓት ሲሆን ስልኬ ጮኸ። ጠይባ ናት። በሹክሹክታ ነው የምታወራው።

"በዛቼ፣ አብዱራህማንን ከሳጥኔ አውጭልኝ። አሁኑኑ። እናቴ ብቻ ትስማ።"

"ምነው፣ ደህና አይደለሽም?"

"ልጄን ሊልካት ነው። እኔን ፍቀጅ እያለ ለካ ፓስፖርቱን አስወጥቶ ጨርሷል። ሃያ ስድስት ዓመቷ ነው አስብሎ! እኔ ደግሞ መምጫዬ ደርሷል፣ ለእናቴ የምነግራት ነገር አለ። በሞቴ በዛቼ፣ እሱ ይህን ከሰማ ልጄ የለችም።"

"ወላሂ ከእናትሽ ጆሮ ሌላ አይገባም!" አልኳት።

አንገቴ ላይ ማተብ አለ፤ ግን እኛ አገር ክርስቲያኑም የምሩን ሲምል ወላሂ ነው የሚለው። እሷም ይህን ታውቃለች። "ወላሂ ካልሽ በቃኝ፣ አላህ ያክብርሽ" ብላ ዘጋችው።

ዋናው ማሽን ላይ ሄጄ የሰውየውን ስም አጠፋሁ። ማሽኑ "ተነሥቷል" አለኝ። ቀና ስል ሦስተኛው ወንበር ላይ ያቺ ዱላ ተጋድማለች። አይቻታለሁ! አላየሁም አልልም። ይምጣ፣ ማሽኑ ራሱ ፊት ይነሣዋል ብዬ በሆዴ ሳቅሁ። ከዚያ የጠይባ ድምፅ ከጅዳ መጣና ሳጥኑ ውስጥ ገባ።

አብዱራህማን ተመለሰ። የጤፍ ብናኝ ትከሻው ላይ ነጭ ብሏል። ዱላውን አንስቶ ተቀመጠ፣ ማዳመጫውን አጠለቀ። የሰው ምስጢር ነው ብለን የማሽኖቹን ፊት ወደ ግድግዳ ስላዞርነው ምን እንዳለው አይታየኝም። ማሽኑ ሲከለክል ጩኸት የለውም፣ ቀይ ጽሑፍ ብቻ ነው የሚያወጣው። ሰውየው አንገቱን ደፍቶ ቆየ። ተከለከለና አፈረ ብዬ አዘንኩለት እንኳ! እኔ ሞኟ! ሲጨርስ ማዳመጫውን በቀስታ አስቀመጠና "አላህ ይስጥሽ በዛች፣ ቤትሽ ይባረክ" ብሎኝ ወጣ። እኔም "አሜን" አልኩ። ያቺን አሜን ባስታወስኩ ቁጥር ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ እላለሁ።

ወደ ዘጠኝ ሰዓት ላይ እትዬ ኡምኩልሱም መጡ። ሰሙ፣ አለቀሱ፣ ሳቁ። ጆሮዬ ስር ጠጋ ብለው ጠይባ ያለቻቸውን ነገሩኝ። ነገ ረውዳ ከትምህርት ቤት ስትወጣ በር ላይ ጠብቀው፣ ሰው እንዳይለያት የራሳቸውን ቡናማ ሻርፕ አከናንበው፣ ኩታበር እህታቸው ዘንድ ሊወስዷት ነው። ጠይባ በወር ውስጥ ገብታ ከዚያ ትቀበላታለች። እጄን ስመው ሄዱ። እጄን!

በማግስቱ ትምህርት ቤቱ ተለቅቆ፣ ተማሪው ሁሉ አልቆ፣ ዘበኛው በሩን እስኪቆልፍ ድረስ ሻርፑን ይዘው ቆሙ። ረውዳ የለችም። ጎህ ሲቀድ በደሴው አውቶቡስ አጎቷ ይዟት ሄዷል።

እኔ ይህን ሁሉ የሰማሁት በሚቀጥለው ገበያ ነው። ቤቱ ሙሉ ነበር። እትዬ ኡምኩልሱም በሩ ላይ ቆሙ፣ አልገቡም።

"በዛች" አሉ፣ "አብዱራህማን ምን እንዳለኝ ታውቂያለሽ? ልጅቷን አምጣ ብዬ ቤቱ ብሄድ፣ 'ቡናማውን ሻርፕ ደግሞ ለማን ያለብሱታል እንግዲህ?' ብሎ ሳቀብኝ።"

ሰው ሁሉ ማዳመጫውን አወለቀ።

"ሻርፑን ያለችው ልጄ ናት። የሰማሁት እኔ ነኝ። እኔ ደግሞ ለአንቺ ብቻ ነው የነገርኩ። ስንት ሰጠሽ?"

"እትዬ ኡምኩልሱም፣ ወላሂ እኔ..."

"ወላሂ አትበይ! ለልጄም ወላሂ ብለሻታል!"

ያን ጊዜ ደሳለው ከጥግ ተነሣ። ሊያድነኝ መስሎኝ ደስ አለኝ። "እናቴ፣ ማሽኑ ስሙ የተነሣ ሰው አያስገባም። እኔ ነኝ የሠራሁት፣ አውቀዋለሁ። ማሽኑን በዚህ አይጠርጥሩት" አላቸው። ሊገባው አልቻለም እኮ! ማሽኑን ነፃ ሲያወጣ በእኔ ላይ እንደፈረደ አልገባውም። ሰዉ ከማሽኑ ወደ እኔ ዞረ። ማሽኑ ካልተናገረ በዛች ናት የተናገረችው። እትዬ ኡምኩልሱም ነጠላቸውን አጣፍተው ወጡ፣ የቀረውም ሰው ዱላውን እያነሣ ተከተላቸው።

በሩን ዘጋሁና "ዱላው!" አልኩት። "ዱላው እኮ እዚህ ወንበር ላይ ነበር!"

"የቱ ዱላ?"

ነገርኩት። ፊቱ ሲለወጥ አየሁ። ሦስተኛው ወንበር ላይ ተቀመጠ፣ የራሱን ሳጥን በራሱ ቁጥር ከፈተ። "ስሜን አንሽው" አለኝ። ዋናው ማሽን ላይ ሄጄ አነሣሁት። ተነሥቷል አለኝ። ደሳለው ማሰሚያዋን ቁልፍ ጫን አደረገ። ድምፁ ጥርት ብሎ ተሰማ። እኔ ባልገባኝም ፊቱን አይቼ ገባኝ።

"እንደ በፊቱ ቢሆን እዚች ላይ ያስቆመኝ ነበር" አለ። "ያቺ ሁለተኛዋ ጥያቄ የነበረችው ለዚህ ነው። ፈረንጁ ነግሮኛል እኮ፣ እታለም። ነግሮኛል።" ግንባሩን በጡጫው መታው።

የዚያኑ ቀን ጥያቄዋን ከርነሉ ውስጥ ወደ ቦታዋ መለሳት። ይህን ጊዜ ወጥቶ ይናገራል ብዬ ጠበቅሁ። እሱ ግን እግሬ ስር ተደፋ። "ለማንም አትንገሪ። ሳጥኑ ያፈስሳል ከተባለ ማን ያምነናል? የሰው ጓዳ ሁሉ ተከፍቶ እንደነበር ቢሰሙ ከተማው ምን ይሆናል? አስተካክዬዋለሁ፣ በቃ አይደገምም።" ታናሼ ነው። እናታችን ከሞተች ጀምሮ ያሳደግኩት እኔ ነኝ። ዝም አልኩ።

ዝም ማለት እንዲህ የሚከብድ አይመስለኝም ነበር። ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ አጠገቤ የቆመች ሴት ሳታስበው ሸሸት ስትል አያለሁ። ወፍጮ ቤት ስገባ ወሬው ይቆማል። "አብዱራህማን የበዛችን አፍ ገዛው" ይባላል። ደሳለው ይህን ይሰማል። ማታ ራት ሳቀርብለት ዓይኔን አያየኝም፣ እኔም አላየውም። የሚገርመው በሱ ልናደድ እላለሁና ንዴቱ አይመጣልኝም፤ የሚመጣልኝ እፍረት ብቻ ነው። በሱም አፍራለሁ፣ ለሱም አፍራለሁ፣ ያቺ ዱላም ትመጣብኛለች።

ረውዳ ወደ ሪያድ በረረች። ጠይባ የመውጫ ቪዛዋ ተመትቶባት ስለነበር መቅረት አልቻለችም። እናት ስትገባ ልጅ ሄዳለች፤ በሰማይ ላይ ተላለፉ።

ጠይባ እኛ ቤት የመጣችው ከገባች በሦስተኛው ቀን ነው፣ ገበያ ቀን ነበር። ከስታለች፣ ቁመቷ ራሱ ያጠረ መሰለኝ። ቤቱ እንደ ድሮው አልሞላም፣ ጥቂት ሰው ነበር። ሰደበችኝ፣ ተፋችብኝ ብል ይቀለኝ ነበር። እሷ ግን "አሰላሙ አለይኩም" አለች። እኔ ወለሉን እያየሁ መለስኩ።

"በዛቼ፣ አንድ ነገር ብቻ ንገሪኝ። ጠልተሽኝ ነው?" አለችኝ።

ያን ጊዜ ነው ልቤ ስንጥቅ ያለው። ከጥግ በኩል ወንበር ተንቋቋ። ደሳለው ተነሥቶ ቆሟል።

"እሷ አይደለችም" አለ። "እኔ ነኝ።"

ነገራት። በሰው ፊት፣ ጮክ ብሎ፣ ሳያቋርጥ። ማሽኑ ሁለቴ ይጠይቅ እንደነበር፣ ሁለተኛዋ ትርፍ መስላው እንዳወጣት፣ ዱላው ወንበሩ ላይ እንደነበር፣ አውቆ ዝም ብሎ እህቱን እንዳሰደበ። ሰው ሁሉ ፈዝዞ ይሰማል። ጠይባ ጭንቅላቷን ዘንበል አድርጋ ታዳምጣለች።

"ለምን አወጣሃት?" አለችው ሲጨርስ።

"ድምፅ ትቆራርጥ ነበር።"

"ይኼው ብቻ?"

"ይኼው ብቻ።"

ጠይባ አንገቷን ነቀነቀች። "እኔ ስምንት ዓመት የሰው ቤት ስኖር ውሃ ለመጠጣት አስፈቅድ ነበር" አለች። "አልሞትኩም።" ከዚያ ሦስተኛው ወንበር ላይ ተቀመጠች። "ለልጄ ሳጥን ክፈቱልኝ። አንዲት የሰፈራችን ልጅ እዚያው ሪያድ አለች፣ የረውዳን ድምፅ ቀድቼ እልካለሁ ብላኛለች።"

ሳጥኑን ደሳለው ከፈተላት። "ማን ይስማ?" አላት እንደ ደንባችን። "እኔ ብቻ" አለችው።

የዚያን ቀን ምንም አልመጣም። በሚቀጥለው ገበያም አልመጣም። በሦስተኛው መጣች፣ ቁጥሯን አስገባች፣ ድንገት እጇን አፏ ላይ ጫነች። የማዳመጫውን ገመድ ከማሽኑ ላይ ነቅላ ወደኛ ዞረች። "እናንተም ስሙት። እኔ ፈቅጃለሁ" አለች።

የረውዳ ድምፅ ቤቱን ሞላው፤ ገበያ ቀን ሆኖ ወንበሩ ሁሉ ስለተያዘ ይቆራረጣል።

"እማ... እኔ... ረው... ዳ ነኝ..."

ደሳለው ከጥግ ፈጥኖ መጣ። "ማሽኑ ነው፣ ልጅቷ አይደለችም። ጥያቄዋን ስለመለስኳት ነው፣ በየቁራሹ ትጠይቃለች። ለዚች ለዛሬ እንኳ..."

"ተወው" አለች ጠይባ ዓይኗን ሳታነሣ። "ይጠይቅ።"

"... ደህና ነ... ኝ። ሥራው ብዙ... ነው። እማ... አጎቴ ከደሴ... ስንነሣ... እናትሽ ፈቅ... ዳለች አለኝ። በ... ዛች ቤት... ድምፅዋን ሰምቼ ነው... አለኝ። እው... ነት ነው? ፈቅ... ደሻል?"

አለቀ።

ጠይባ ፊቷን ማሽኑ ላይ አስጠግታ፣ በሁለት እጇ ይዛው፣ "አልፈቀድኩም!" አለች። "ረውዳዬ፣ አልፈቀድኩም! አልፈቀድኩም!"

ማይኩ አልተሰካም ነበር። እኔም አየሁ፣ የነበረውም ሰው አየ፤ ማን ይንገራት? ደሳለው ነው ቀስ ብሎ አጠገቧ የተንበረከከው። የማይኩን ገመድ ቀዳዳው ውስጥ ለማስገባት ብዙ ታገለ። ሲገባለት አንገቱን ደፍቶ "እንደገና በይው" አላት። ደግማ አለችው።

ላክነው። ረውዳ ትስማው፣ አትስማው እስከ ዛሬ አናውቅም፣ ሌላ ድምፅ አልመጣም። ጠይባ ግን ገበያ በዋለ ቁጥር ትመጣለች፣ ሦስተኛው ወንበር ላይ ትቀመጣለች፣ ያቺኑ አንዷን ድምፅ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ታሰማለች። "ፈቅደሻል?" የምትለዋ ጋ ስትደርስ ደሳለው ወደ ጓሮ ይወጣል። እኔ የት ልውጣ? ቤቱን የምጠብቅ እኔ ነኝ።